ቋሚው ፊት

ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። እናታችን ስታርፍ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሃያ፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ካርዱን የፈረምኩት እኔ፣ የሐኪም ቤት ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ፣ ሥራ ሲቀጠር ዋስ ሆኜ የፈረምኩትም እኔ። ይህን የማወራው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ወረድ ብሎ "ማን ፈቀደልሽ?" የሚል ስለማይጠፋ ከወዲሁ ልመልስለት ብዬ ነው።

ማሙሽ ቆጣሪ አንባቢ ነው። በቀን ሰማንያ ዘጠና በር ያንኳኳል፣ ምድር ቤት ይወርዳል፣ የመብራት ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በእጅ መሣሪያው ይመዘግባል፣ አመስግኖ ይወጣል። በር ካልተከፈተለት ሥራ የለውም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ደግሞም ይከፈትለት ነበር። ክብ ፊት አለው፣ ለመሳቅ ሰበብ የሚፈልጉ ዐይኖች አሉት፣ ሲስቅ አንዱ ጉንጩ ብቻ ይሰረጉዳል፤ የጎረቤት ውሻ እንኳ እሱን ሲያይ ጭራውን ይቆላል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። እኔን ያየ ሰው ገና አፌን ሳልከፍት ይቅርታ ይጠይቀኛል።

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ "ሰው እሠራለሁ" እላለሁ፤ "ፈጣሪን አትዳፈሪ" የሚሉኝ አሉ። የምሠራው ግን የመነጽር ውስጥ ሰው ነው። ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰማያዊ ምንጣፍ የተነጠፈበት ባዶ ክፍል አለን። ጣሪያው ላይ ስምንት ካሜራ፣ ምንጣፉ ላይ ደግሞ በነጭ ፕላስተር የተከለለ ስድስት እርምጃ በስድስት እርምጃ ቦታ። አንድ ሰው መጥቶ ያንን ከባድ ጥቁር መነጽር ሲያጠልቅ ክፍሉ ይጠፋና ሌላ ቦታ ቆሞ ራሱን ያገኘዋል፤ የሕንፃ በር ላይ፣ የባንክ አዳራሽ ውስጥ፣ እኛ የፈለግነው ቦታ። እዚያ የሚመጡበትን ሰዎች ፊትና አካሄድ የምሠራው እኔ ነኝ። ሕያው ሰው ፎቶ አንስቼ፣ ቆዳውን፣ ሽፋሽፍቱን፣ ሲቆጣ የሚጨማደደውን ግንባሩን አንድ በአንድ እቀዳለሁ።

አለቃዬ ዶክተሯ ናት። ከእኔ በስድስት ዓመት ታንሳለች፤ ያም ሆኖ አንቱ እላታለሁ፣ ምክንያቱም በሕይወቴ እንደ እሷ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው አላየሁም። የምታጠናው ሰው ለራሱም የማይነግረውን አድልዎ ነው፤ ማንን የኔ ወገን ብሎ እንደሚያስጠጋ፣ ማንን መጤ ብሎ እንደሚሸሽ። "ማንን ትፈራለህ ብለሽ ብትጠይቂው ይዋሽሻል፤ እግሩ ግን አይዋሽም" ትላለች። እውነቷን ነው። መሣሪያችን እግር ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሄደ፣ ዐይን የት እንዳረፈ፣ እጅ በስንት ሰከንድ ወደ ሬዲዮ እንደተዘረጋ ይመዘግባል።

ያን ዓመት የሚመጡልን የሕንፃ ጥበቃዎች ነበሩ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ጥበቃ ሰውን የሚያስቆመው በልብሱ ነው፣ በአነጋገሩ ነው ወይስ በአድራጎቱ? በመነጽሩ ውስጥ ጥበቃው በር ላይ ይቆማል፣ ሠላሳ ጊዜ ሰው ይመጣበታል። አንዴ በሙሉ ልብስ፣ አንዴ በተቀደደ ጃኬት፣ አንዴ በሠራተኛ ቱታ፤ አንዴ እንደ አገሬው እየተናገረ፣ አንዴ እንደ መጤ። ከሠላሳው በአሥሩ ሰውየው ድንገት ሮጦ ይገባና ከልብሱ ሥር የሆነ ነገር ይመዛል፣ ደወል ይጮኻል። ሙሉ ልብስ የለበሰውም ይመዛል፣ ጃኬት የለበሰውም ይመዛል፣ እኩል። ልብስ ምንም እንደማይናገር ጥበቃው ገብቶት እንዲሄድ ነው። የልብሱን ነገር ለብቻው ለመለካት ደግሞ ሌላው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ስለዚህ በሠላሳውም ጊዜ የሚመጣው ሰው ፊቱ አንድ ነው። በእኛ ሥራ ቤት ቋሚው ፊት እንለዋለን።

ጥናቱ ሁለተኛ ክፍልም ነበረው። በሁለተኛው ጥበቃው ቦታ ይለውጥና የሰውየውን አካል ይለብሳል፤ መስተዋት ፊት ቆሞ ያንን ፊት የራሱ ሆኖ ያየዋል፣ ከዚያ በየበሩ ሲመለስ፣ ሲፈተሽ፣ ሲገፈተር ይቆያል። ዶክተሯ ተስፋዋን የጣለችው በዚህኛው ክፍል ላይ ነበር። የጥበቃ ድርጅቶቹ ግን አርባ ደቂቃ በዛብን አሉ። ሁለተኛው ክፍል ቀረ፤ የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ብቻ ሥልጠና ተብሎ ቀጠለ።

ፊቱን እንዲሰጠን የተቀጠረው አንድ ተዋናይ ነበር። ሰኞ ልንጀምር ሐሙስ ዕለት ደውሎ ትቼዋለሁ አለ፤ ሚስቱ አልወደደችውም አሉ። ሴትዮዋ ብልህ ነበረች። በእጄ የቀረ የተሟላ ፊት አንድ ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ካሜራዎቹን ለመሞከር ብዬ ማሙሽን ወንበር ላይ አስቀምጬ ግማሽ ቀን ፎቶ ሳነሳው ውዬ ነበር። ሳቅ ስለው ሳቀ፣ ተቆጣ ስለው ተቆጣ፣ "አሁን ደግሞ እንደ ሌባ እየኝ" ስለው በሳቅ ፈንድቶ ሦስት ጊዜ አበላሸብኝ። በአራተኛው ወጣልን። በጣም በደንብ ወጣልን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የፈቃድ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በእሱ ስም ፈረምኩ። ልደውልለት አስቤ ነበር። ግን ሥራ ላይ ነው፣ ማታ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ማታ ደግሞ ደክሞት በጊዜ ተኛ። ከዚያ በኋላ መንገሩ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም፤ የእሱን ስም መፈረም እጄ የለመደው ነገር ነው። ዶክተሯ ወረቀቱን ተቀብላ ፋይሉ ውስጥ አስገባችው።

ጥበቃዎቹ በቀን እስከ አምስት እየሆኑ ይመጡ ጀመር። ሬዲዮና ቁልፋቸውን ፕላስቲክ ትሪ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እኔ መነጽሩን በአልኮል ጠርጌ አጠልቅላቸዋለሁ፣ ሲጨርሱ ውሃ እሰጣቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ። ጠዋት ጠዋት እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ ራሴ አጥልቄ ሠላሳውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያለሁ፣ ሬዲዮውን ጭምር እያነሳሁ፤ የተጣመመ ነገር ካለ ለማስተካከል ነው። ማሟሻዋ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን ማሙሽ በተቀደደ ጃኬት እየሮጠ ሲመጣብኝ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቆሜ እስቅ ነበር።

በሁለተኛው ወር እራት ላይ "ዛሬ አንዱ ጥበቃ መታወቂያዬን ሁለቴ አገላብጦ አየው" አለኝ። "ጢምህን ተላጭ" አልኩት፤ ተሳሳቅንና ተላጨ። በሦስተኛው ወር፣ አራት ዓመት ሙሉ ሲገባ ሲወጣ በኖረበት ሕንፃ፣ ጥበቃው ደጅ አቁሞት ቢሮው ድረስ ደውሎ አጣራ። ቢሮው መዳፍ የሚያህል ባጅ ሠራለት። በአምስተኛው ወር አንዲት ጥበቃ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችበት፤ ምክንያቷን ስትጠየቅ "ሰውየው ደስ አላለኝም" ብላ ብቻ መለሰች።

ልጁም ተለወጠ። ከማንኳኳቱ በፊት ባጁን ደረቱ ላይ ያስተካክላል፣ አንኳኩቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይርቃል፣ መዳፎቹን ገልጦ ይቆማል። ድምፁን እንኳ አቀጠነው። አንድ ቅዳሜ ዕቃ ልንገዛ አብረን ወጥተን የሱቅ በር ላይ እንዲህ ሲያደርግ አየሁት። እሱ እያደረገው መሆኑን አላወቀም።

ያን ቀን ቤት ስንገባ "እትዬ፣ ፊቴ ላይ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቀልዱን አልነበረም። መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃኑ ወዳለበት ዞሮ እንዳየው ጠበቀ።

"ምን ይኖራል? ምንም የለም" አልኩት፣ ዕቃውን ከፌስታል እያወጣሁ። ቀና ብዬ አላየሁትም። እውነቱን ልናገርና፣ ከጠረጠርኩ ወር አልፎኝ ነበር። ግን ጥርጣሬዬን ካወጣሁት ፊርማው አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በስምንተኛው ወር አንድ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። "አንድ ሰው ይዣለሁ" አለኝ የሽማግሌ ድምፅ፤ "እህቴ ናት ብሎ የሰጠኝ ቁጥር ይኸ ነው።"

ስደርስ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ነው። ጥበቃው ፀጉሩ የሸበተ፣ የሸሚዙን አንገት እስከ ላይ የቆለፈ ሰው ነበር። ማሙሽን ምድር ቤት የቆጣሪው ክፍል ውስጥ አርባ ደቂቃ ቆልፎበታል። ልጄ፣ ልጄ ልበለው እንግዲህ፣ የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ የቦርሳው ዕቃ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። መዳፎቹ ጉልበቱ ላይ ተገልጠዋል።

"የኔ እህት፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለኝ ጥበቃው። "አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ሰው መትቼ አላውቅም። ሲመጣ ሳየው ግን ሰውነቴ ቀደመኝ። አውቀዋለሁ። የሆነ ቦታ ሮጦ ገብቶብኛል፣ ከጃኬቱ ሥር ነገር ሲመዝ በዐይኔ አይቻለሁ። የት እንደሆነ ግን ብትገድይኝ አላስታውስም።"

እኔ አስታወስኩ። በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ ነበር። መነጽሩን ሲያወልቅ ላብ አጥምቆት፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ እግዜር ይስጥሽ ብሎኝ ሄዷል። አሁን ደግሞ ዐይኑን ጠበብ አድርጎ "አንቺንስ የት ነው የማውቅሽ?" አለኝ።

ሻርፔን ወደ አፌ ሳብ አደረግኩ። "ሰው ከሰው ይመሳሰላል፣ አባቴ" አልኩትና የማሙሽን ክንድ ይዤ ወጣሁ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያች ያሳፈረችኝ ግን የለችም።

መሥሪያ ቤቱ በዚያው ቀን አገደው። ስድስት ቅሬታ፣ ሦስት መቶ ያልተነበበ ቆጣሪ፣ አሁን ደግሞ ድብድብ። አርብ ጠዋት ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ ወይ ወደ ሥራው ይመለሳል ወይ ይሰናበታል። "ምን ብዬ ላስረዳቸው?" አለኝ ታክሲ ውስጥ፣ ከንፈሩን በሶፍት ይዞ። "ለምን እንደማይከፍቱልኝ እኔም አላውቅም እኮ።"

ሐሙስ ጠዋት ዶክተሯ ቢሮ ገብቼ ሳልቀመጥ ነገርኳት። "ቋሚው ፊት ወንድሜ ነው። ወረቀቱን እሱ አልፈረመም፣ እኔ ነኝ የፈረምኩት። ጥበቃዎቹ በየደጁ እየያዙት ነው፤ ትናንት አንዱ መታው።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ያስቆሙት ስንት ናቸው?" አለች። የወንድሜን ደም ስነግራት ቁጥር ጠየቀችኝ። አንገቷን ላንቃት ፈለግኩ፤ ግን ቆጥሬ ነገርኳት። አሥራ አንድ።

"ልብሱን ልንፈትን ፊቱን አስተማርናቸው" አለች በዚያ ቀስታዋ። "ልብሱ ይቀያየራል፣ አነጋገሩ ይቀያየራል። ደወሉ በጮኸ ቁጥር አብሮት ያለው ፊቱ ብቻ ነው። ይህን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።" ከዚያ ለራሷ እንደምትነግር ሰው "ከክፍሉ ውጭም ይዘልቃል ማለት ነው፤ ይህ ትልቅ ግኝት ነው" አለችና ወዲያው ዐይኗን ከዐይኔ አሸሸች።

"ያጥፉልኝ" አልኳት።

"ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ። ያዩትን ግን ላስረሳቸው አልችልም። ስድስት መቶ አርባ ሁለት ሰው ነው። ሊረዳ ይችል የነበረው ሁለተኛው ክፍል ነው።"

"እንጥራቸውና ሁለተኛውን ክፍል እናሳያቸው።"

"ሃያዋን ደቂቃም የሰጡን በልመና ነው።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እኔን ነው። ልወጣ ስነሳ ግን "ቆዪ፣ ልታዪው የሚገባ አንድ ነገር አለ" ብላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

መሣሪያው ያጠለቀውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ጥበቃ ይሁን ባለሙያ አይለይም። የእኔ ጠዋቶች እዚያ ነበሩ፣ መቶ ስድሳ ሁለት ጠዋት። በመጀመሪያው ሳምንት ሰውየው ሲመጣ ግማሽ እርምጃ ወደ እሱ ሄጃለሁ። በሁለተኛው ወር ባለሁበት ቆሜያለሁ። በአራተኛው ወር ወደ ኋላ ማለት ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ እርምጃ ከሩብ ሸሽቻለሁ፣ ለዚያውም ገና ከሩቅ ሲታይ፣ ገና ሳይሮጥ። ጥበቃዎቹ ያዩት ለሃያ ደቂቃ ነው፤ እኔ በየማለዳው ነው ያየሁት። ከስድስት መቶ አርባ ሁለቱ እንደ እኔ የሸሸ አንድም አልነበረም።

"ይህ ምስሉን ነው እንጂ እሱን አይደለም" አልኳት። "ያሳደግኩት ልጅ ነው።"

"ይሆናል" አለች። "እኔ የምለካው እዚህ ክፍል ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።"

ቤት ገብቼ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ። ፊቱን እንዴት እንደወሰድኩት፣ ማን ማን እንዳየው፣ ፊርማው የእኔ መሆኑን፣ አንድም ሳላስቀር። ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ፤ ልከሰስም እችላለሁ። ይሁን። ያንን ደብዳቤ ይዞ ከቀረበ የሚያሰናብቱበት ምክንያት አይኖራቸውም። ከታች በራሴ ስም ፈረምኩና ስምንት ወር ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀለል አለኝ። ሲገባ አስቀምጬ እነግረዋለሁ፣ ቢጮህብኝም እችላለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ማሙሽ ለከንፈሩ ቅባት ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ዝናብ ጣለ። ደብዳቤውን በእጄ ይዤ፣ ሻይ ልጥድ በኮሪደሩ ወደ ኩሽና ስሄድ ቁልፉ ዞረና በሩ ብርግድ አለ። ዝናቡን ሸሽቶ እየሮጠ ገባ፤ የጃኬቱን ኮፍያ ደፍቶ፣ አንድ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከቶ። የመድኃኒቱን ከረጢት ከውሃ እየከለለ ነበር፤ ይህን ያየሁት ግን በኋላ ነው።

መጀመሪያ እግሬ ወደ ኋላ ሄደ። ጀርባዬ ግድግዳውን መታው፣ ባዶ የነበረችው እጄም ወገቤ ላይ የሌለ ሬዲዮ ፈለገች።

ማሙሽ ባለበት ቆመ። ፊቴን አየ፣ እግሬን አየ፣ እጄን አየ። ስምንት ወር በየደጁ ሲያየው የከረመውን ነገር ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ቀስ ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ደጁ ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። መዳፎቹን ገለጠ። በዚያ ባቀጠነው ድምፅ "ይቅርታ፣ እኔ ነኝ" አለ።

ያኔ ሁሉንም ነገርኩት። አስቀምጬ እነግረዋለሁ ያልኩትን ቆሜ፣ እያለቀስኩ፣ እሱ ደጅ እኔ ኩሽናው በር ላይ ሆነን ነገርኩት። ደብዳቤውን ስዘረጋለት እጃችን እስኪደርስ ብቻ ተጠጋግተን ተቀባበልነው። እስከ መጨረሻው አነበበው። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

"ኮሚቴው ይሄን ካየ ይመልሰኛል" አለና ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። "ስንት ሰው ነው ያየኝ?"

"ስድስት መቶ አርባ ሁለት።"

"ከነአንቺ?"

"እኔን ሳይጨምር" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከኮፍያው ውሃ ይንጠባጠባል። "ልግባ፣ እትዬ?" አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን የኖርንበት ቤት ነው።

"ግባ" አልኩትና መንገድ ለቀቅኩለት። ኮሪደሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል። እኔ ግን እሱ አልፎ የክፍሉን በር እስኪዘጋ ድረስ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆየሁ።